ጠርዙ ያልሞላ ስክሪን

ሊቁ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ፊቱን ለስክሪኑ፣ ጀርባውን ለሰው ሁሉ ሰጥቶ። መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል። ወንበሩ ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ ስክሪኑም እንደበራ ነው። «ማንም እንዳይነካው፤ አቧራውን እንኳ እንዳትጠርጉት» ብላ በስልክ ያዘዘችው እሷ ናት።

ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ቁንጫ» ይሏታል። አንድም አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት፣ አንድም ሰው ልብ የማይለው ስፌት ውስጥ ገብታ ስለምትናከስ ነው። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፤ እንዲያውም በልቧ ትኮራበታለች። የዛሬው መቁነጥነጧ ግን ከወትሮው የባሰ ነበር። መንገድ ላይ ሳለች አለቃዋ ደውሎ፣ «ልጅቷ ላይ እስከ ማምሻ ክስ ይመሥረት። ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ አታወሳስቢው» ብሏታል። ቁንጫ ደግሞ ፀሐይ የሞቀው ነገር ያሳክካታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቁ በአንድ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ የትርጉም ቤት ነበረው። አብረውት የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሸሪኩ፣ «ወንፊቷ» የምትባለው አራሚ፣ እና እሱ ራሱ አስተምሮ ለወግ ያበቃት የእህቱ ልጅ። ልቡን ያመው ስለነበር የጠብታ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ሐኪሙ እንዳለው የገደለው ያው መድኃኒት ነው፤ ሻዩ ውስጥ የተጨመረው መጠን ፈረስ ይጥላል። ሻዩን ያፈላችው የእህቱ ልጅ ናት። ያን ዕለት ጠዋት ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። የሞተበትን ሰዓት ግን ሐኪሙ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ፀሐይ ክፍሉን እንደ ምድጃ አግላው ስለነበር «ከምሳ እስከ ማምሻ ባለው ጊዜ» ብሎ ተወው።

ክፍተቱን የሞሉት ምስክሮቹ ናቸው። ሸሪኩና አራሚዋ ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ደንበኛ ሲወጡ ሊቁ ይሠራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፎቁ ላይ የቀረችው ልጅቷ ብቻ ናት። የሕንፃው ዘበኛ ማንም አልወጣም፣ ማንም አልወረደም ብሎ ይምላል። «የሕፃን ሒሳብ ነው» ይላል አለቃው።

ቁንጫ ወንበሩን ዞረችው፤ እንደገና ዞረችው። ወንበሩ መደገፊያው ከሰው ጭንቅላት በላይ የሚቆም ጥቁር ቆዳ ነው። ከኋላው ክፍሉን ከመተላለፊያው የሚለይ የመስታወት ግድግዳ አለ። ከፊቱ ያለው ስክሪን ግን ጉድ ነው። ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ ሦስት መስኮቶች ተከፍተው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በግራ ዋናው ጽሑፍ፣ በመሃል ትርጉሙ፣ በቀኝ መዝገበ ቃላቱ። ከእነሱ ግራና ቀኝ፣ በሁለቱም ዳር፣ ስክሪኑ ባዶና ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስክሪን ምን ያህላል?» አለች።

ረዳቷ ጡረታው የደረሰ፣ ከወንበር ጋር የተማማለ ወፍራም ሰው ነው። ቀና ብሎ አየው። «አልጋ ያህላል። ባለቤቴ ብታየው አንሶላ ትገዛለት ነበር።»

«ታዲያ አልጋ የገዛ ሰው መሃሉ ላይ ኩርምት ብሎ የሚተኛው ለምንድን ነው?»

«በርዶት ይሆናላ» አለ ረዳቷ፤ ግን እሱም ጠርዙን ሁለተኛ አየው።

መጀመሪያ የተጠራው ሸሪኩ ነው። ጉንጩ አብጦ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ገባ።

«ጥርስ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ትናንት በምሳ ሰዓት አስነቅዬ ነው የመጣሁት።»

«ከሰዓት በኋላ ሊቁ ይሠራ እንደነበር በምን አወቁ?»

«በስክሪኑ ነዋ! እዚህ ቤት በር የሚያንኳኳ የለም። መጀመሪያ በመስታወቱ ስክሪኑን ያያሉ። አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ የተከፈተው፣ ይግቡ ማለት ነው። ሁለት ከሆነ እሳት ከተነሳ ብቻ ይግቡ። ሦስት ከሆነ ግን ሞት ራሱ ቢመጣ ወረፋ ይያዝ ይል ነበር።» ያለው ነገር አፉ ውስጥ መረረው።

«ትናንትስ ስንት ነበር?»

«ሦስት። ከምሳ ከተመለስኩ ጀምሮ እስክንወጣ ድረስ ሦስት። ጽሑፉ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ መዝገበ ቃላቱ ይገለጣል። ሥራ ይዞ ነበር።»

«እሱን ራሱን አዩት?»

«ወንበሩን አላዩትም እንዴ? የጳጳስ ዙፋን እኮ ነው! ከጀርባው ሆኖ ጭንቅላቱን ያየ ሰው ካለ እኔ አላውቅም።»

ቁንጫ ከመስታወቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስታወቱ ተመላለሰች። ሸሪኩ በዓይኑ ሲከተላት አንገቱ ደከመው።

«ከወትሮው የተለየ ነገር አልነበረም?»

«ምንም። እ... አንድ ነገር። መስኮቶቹ ጠበብ ያሉ መሰለኝ። ሊፍት ውስጥ ስንገባ ለወንፊቷ፣ ‹ሊቁ ዛሬ እርሻውን አጥብቦታል› ብያት ስቄያለሁ። እንዲያ የማያደርግ ሰው ነበር። ይሄ ስክሪን ሲመጣለት፣ ‹እስከ ድንበሬ አርሳለሁ፤ ለአረም የምተወው ጥግ የለም› ብሎ ነበር።»

«እሷ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ሰዓቷን አየች።»

ቁንጫ ድንገት ቆመች። «ሊቁን ማን ይጠላው ነበር?»

ሸሪኩ አገጩን ደጋግሞ አሻሸ። ቆይቶ፣ «ጥላቻ አይደለም» አለ። «አንድ ነገር ተበላሽቶብናል። የመድኃኒት መመሪያ ተርጉመን ነበር። ዋናው ‹ጠብታ› የሚለውን የእኛው ‹ማንኪያ› ይላል። እንደዚያው ታተመ። አንድ ሽማግሌ እንደተጻፈው ጠጥተው ሆስፒታል ገቡ። ነፍሳቸው ተርፋለች። ሆስፒታሉ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ሊቁ ግን ሄጄ እናገራለሁ አለ።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

«የተረጎመው ማን ነው?»

«እኔ። ያረመችው ደግሞ እሷ። ስለዚህ ሁለታችንንም ጠርጥሩና ገላግሉኝ!» አለና ጥርሱን ስላመመው ዓይኑን ጨፈነ።

ወንፊቷ የራሷ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ሰው ሲገባ ብድግ የምትል ሴት ናት። ለቁንጫ ወንበር ሳበችላት፤ ቁንጫ አልተቀመጠችም። ቅጽል ስሟ የወጣላት ስህተት ከእጇ ስለማያልፍ ነው። የእሷ ሥራ ቅጂውን ከዋናው ጋር ቃል በቃል አመሳክሮ አንዱ ሌላውን እንዲመስል ማድረግ ነው። ዕድሜዋን የፈጀችው በዚህ ነው።

«ልጅቷን ልቀቋት፣ ልጄ» አለች ገና ከመጀመሪያው። «ዝንብ አትገድልም።»

«ታዲያ ማን ገደለው?»

«ልቡ ነዋ። ልቡ ደካማ ነበር። መድኃኒቱን ራሱ አብዝቶት ይሆናል፤ ዝንጉ ነበር።»

«የሞተ ዕለት ስክሪኑን አይተውት ነበር?»

«እንደማንኛውም ቀን፤ ሦስት መስኮት ነበር። የሰው ስክሪን ላይ አላፈጥም።»

ቁንጫ የአራሚዋን ስክሪን ነካ አደረገችው። ትንሽ፣ አራት ማዕዘን፣ ያረጀ ነው። «ይሄስ?»

«የእሱ ነበር። ሰፊው ሲመጣለት ለእኔ አወረሰኝ። ለእኔ ይበቃኛል፤ እኔ የማየው ፊደል ነው።»

«ከደንበኛ ስትመለሱ ምን ሆነ?»

«ከሊፍት ስንወጣ ልጅቷ እየጮኸች መጣችብን። ሸሪኩ እሷን ደግፎ ወደ እንግዳ መቀበያው ወሰዳት፣ አምቡላንስም ጠራ። እኔ ገባሁ። ዓይኑን ከደንኩለት።» እንባዋ መጣ፤ የእውነት እንባ ነበር።

«ስክሪኑን አልነኩትም?»

«ምን ሊሠራልኝ?»

ከዚያ ስትወጣ የቁንጫ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ተናዘዘች?» አለ። «ገና ነው» አለችው። «ምን ገና አለው? ዘመዶቹ፣ ጋዜጠኛው፣ ሁሉም እየጠየቀኝ ነው!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ በሆዷ ተሳደበችና ስልኩን ዘጋችው።

እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። የሟች እህት፣ የተጠርጣሪዋም እናት ናት። ልጇ ያለችበት ትንሽ ክፍል በር ከፊቷ ነው። አንድም ጊዜ ወደዚያ አላየችም። ከልጅቷ ጋር የምትጠብቀው ፖሊስ ለቁንጫ በጆሮዋ፣ «ከመጣች ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም» አለቻት። ወንድሟ ሞቷል፤ ገደለው የምትባለው ደግሞ ከማሕፀኗ የወጣች ናት። ለየትኛው እንደምታለቅስ የጠፋት ትመስላለች።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነበር። ቀና ስትል ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እማዬ ውጪ አለች?»

«አለች።»

«አላየችኝም እኮ። ትናንት ስትመጣ በአጠገቤ አለፈች። እናንተ ብታስሩኝም ግድ የለኝም፤ እሷ ተስፋ ከቆረጠችብኝ ግን የት እገባለሁ?»

ቁንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጭ ብላ ግን እግሯን ታወዛውዛለች። «ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«ሌላ ቦታ ሥራ ልገባ እንደሆነ ነገርኩት። በምሳ ሰዓት ለዚሁ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ‹ያስተማርኩሽ ለሌላ ሰው ነው?› አለኝ። እኔም ያልሆነ ነገር ተናገርኩት። ከዚያ ቆጨኝና ከምሳ በፊት ሻይ አፍልቼ ወሰድኩለት። አላናገረኝም። አስቀምጬ ወጣሁ። ከቃለ መጠይቁ ስመለስ ደግሞ ሦስት መስኮት ከፍቷል።»

«አላንኳኳሽም?»

«ማን ያንኳኳል? ይቅርታ ልለው ከበሩ ፊት ስመላለስ ነው የዋልኩት። እያየሁት፣ አንዱን ይዘጋዋል፣ አሁን ይዘጋዋል እያልኩ። አልዘጋውም። በመጨረሻ የመጣው ይምጣ ብዬ ገባሁ። እጁን ያዝኩት። ጣቶቹ ደርቀው አልታጠፍ አሉኝ። እና...»

«እና ምን?»

«ለፖሊሶቹ ስነግራቸው አብዳለች አሉ። ቀስቱ ይሄድ ነበር።»

«የቱ ቀስት?»

«ስክሪኑ ላይ ያለው፤ ማውዙን ስናንቀሳቅስ የሚሄደው። አጎቴ ሞቷል፤ እጁ እኔ እጅ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ግን ይከፈቱ ነበር፤ ጽሑፉም ይወርድ ነበር። ማውዙን የነካው ሰው የለም። ጩኸቴን ለቅቄ ወጣሁ።»

የቁንጫ እግር መወዛወዙን አቆመ። ቀስ ብላ ተነሳች፤ ከዚያ መተላለፊያውን ከዳር እስከ ዳር በፍጥነት ትመላለሰው ጀመር። የሞተ ሰው ማውዝ አይነካም። ከሩቅ ሆኖ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይኖር ይሆን? ግን ሁለቱ ደንበኛ ፊት ነበሩ፤ ደንበኛው መስክሯል። ጠርዙስ? ጠርዙ ለምን ባዶ ሆነ?

ረዳቷ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አግድም ይዞ ኳስ ያያል። በዚህ ሰዓት ኳስ! ልትቆጣው ጎንበስ አለችና ዓይኗ ስልኩ ላይ ተተከለ። ሜዳው የስልኩን ስክሪን አልሞላውም። ግራና ቀኙ ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ዳርና ዳሩ ለምን ጠቆረ?»

«የልጅነቴ ጨዋታ ነዋ። ያኔ ቴሌቪዥኑ አራት ማዕዘን ነበር። ለጠባብ የተቀረጸውን ሰፊ ላይ ስታሳዪው ዳሩ ይቀራል፤ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ቁንጫ ሽማግሌውን ግንባሩ ላይ ሳመችው። ረዳቷ ስልኩን ሊጥለው ነበር።

ወደ ልጅቷ ተመልሳ ሮጠች። «አጎትሽ ስክሪኑን በቪዲዮ ቀርጾ ያውቃል?»

«አዎ፤ ለአዲስ ሠራተኛ ማስተማሪያ። ሦስቱ መስኮቶች እንዴት እንደሚደረደሩ እየሠራ የቀረጸው አለ። ሁላችንም በእሱ ነው የተማርነው። በሁላችንም ማሽን ላይ ይገኛል።»

«መቼ ነው የቀረጸው?»

«ድሮ ነው። በአሮጌው ስክሪን ጊዜ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የዋልነው» አለች ቁንጫ ለራሷ። «የምሳ ሰዓቱን ማንም አልጠየቀም። ጋሼ! ጥርስ ሐኪሙ ጋ ደውል። ይህች ልጅ ቃለ መጠይቅ የሄደችበትም ደውል። ከዚያ ዘበኛውን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከዚህ ፎቅ ያልወረደው ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ሁሉንም በመተላለፊያው ላይ፣ በመስታወቱ ግድግዳ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሸሪኩ አገጩን ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። ወንፊቷ እጆቿን አጣምራለች። ልጅቷን ፖሊሷ ክንዷን ይዛታለች። እናትየው ቦርሳዋን እንዳቀፈች ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች። አለቃው ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ሁለቱንም አላነሳችም።

ከመስታወቱ ወዲያ የሊቁ ወንበር ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ሦስት መስኮቶች ይታያሉ። ጽሑፉ ይወርዳል፤ መዝገበ ቃላቱ ይገለጣል፤ ቀስቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል።

«ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?» አለች ቁንጫ።

«ረዳትዎ ነዋ» አለ ሸሪኩ።

«ምን ሲያደርግ ይታይዎታል?»

«ይሠራል።»

«አቤት!» አለ ረዳቷ ከኋላቸው፤ ሁሉም ደንግጠው ዞሩ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቁንጫ ገብታ ወንበሩን አዞረችው። ባዶ ነበር።

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ ሊቁ ራሱ የቀረጸው ማስተማሪያ ነው» አለች ቁንጫ። መቆም አልሆነላትም፤ ወዲያ ወዲህ እያለች ትናገራለች። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ያያችሁት ይህንን ነው። እየተደጋገመ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። ሦስት መስኮት ስለሆነ ማንም አያንኳኳም፤ ወንበሩ ሰውን ስለሚሸፍን ማንም አይጠረጥርም። ሊቁ ግን ያን ጊዜ ሞቷል። የሞተው በምሳ ሰዓት ነው።»

«ቪዲዮ መሆኑን በምን አወቁ?» አለ ሸሪኩ።

«በእርስዎ። እርሻው ጠቧል ብለው ነበር። አሁን ጠርዙን እዩት።» ሁሉም አዩት፤ የቪዲዮው ግራና ቀኝ ጥቁር ነበር። «በጠባብ ስክሪን የተቀረጸ ስለሆነ ሰፊውን አይሞላውም። ይህቺም ልጅ ገብታ እጁን ስትይዝ ቀስቱ ሲሄድ አይታለች። እውነቷን ነው። እብደት አይደለም።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች።

«አሁን እናስብ» አለች ቁንጫ። «ይህ ቪዲዮ የሚጠቅመው ማንን ነው? ሊቁ ከሰዓት በኋላ በሕይወት እንደነበር ከታመነ፣ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ የሚባል ሰው አይኖርም፤ ጥፋቱ የሚያርፈው በኋላ ብቻዋን የቀረችው ላይ ነው። እንግዲህ ገዳይዋ ልጅቷ ብትሆን ራሷን ለማስያዝ ነው የደከመችው ማለት ነው። በዚያ ላይ በምሳ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ላይ ነበረች። ሸሪኩ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነበር። ሁለቱንም አረጋግጠናል። ዘበኛው እንደሚለው፣ ከሊቁ ሌላ በምሳ ሰዓት ከዚህ ፎቅ ያልወረደው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንፊቷ ላለማየት ሞከረ፤ ስለዚህ ሁሉም አያት።

«ሁልጊዜም ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምበላው» አለች ወንፊቷ በለሆሳስ። «ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ሌላ ነገር አለ። ልጅቷ ገብታ ስትጮህ ቪዲዮው ይሄድ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ግን ቪዲዮ የለም፤ ሦስት እውነተኛ መስኮቶች ተከፍተው ቆመዋል። በመሃል አንድ ሰው ነክቶታል። ሸሪኩ ልጅቷን ይዞ እንግዳ መቀበያው ላይ ነበር። ብቻዋን የገባችው እርስዎ ነዎት።»

«የጮኸች ልጅ ያየችውን ታምኛለሽ?»

«እሷን ባላምን ስክሪኑን አምናለሁ። የተከፈቱት መስኮቶች መሃል ላይ ታጭቀዋል፤ ዳርና ዳሩ ባዶ ነው። ልክ እንደ ቪዲዮው። ሊቁ እስከ ድንበሩ የሚያርስ ሰው ነው፤ እንዲህ አይደረድርም። ታዲያ የደረደረው ሰው ለምን ጠርዙን ባዶ ተወ? ሸሪኩ ሊፍት ውስጥ ጠበበ ሲል ስለሰማ ነው። ከሰዓት የታየውና ማታ የሚገኘው እንዲመሳሰል ፈለገ። ያንን ቃል የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወንፊቷ አጣምራ የያዘቻቸውን እጆቿን ፈታች።

«ቪዲዮውን ዘግተው ዝም ብለው ቢወጡ ኖሮ እኔ ምንም አላገኝም ነበር» አለች ቁንጫ፤ ድምጿ ውስጥ ሐዘን ገባበት። «ግን ቅጂን ከዋናው ጋር ሳያመሳክሩ መተው አይችሉበትም። ዕድሜዎን የፈጁበት ሥራ ነው። እጅዎ እምቢ አለዎት። መስኮቶቹ መቼ እንደተከፈቱ ባለሙያው ነገ ከማሽኑ ያወጣዋል። ዛሬ ከአፍዎ ብሰማው ግን ለዚህች ልጅ ይሻላታል።»

ረዳቷ ከኋላ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብሎ አጉረመረመ።

ወንፊቷ ወንበር ፈለገች። ሸሪኩ ሳያስበው አቀረበላት፤ ከዚያ እጁን እንደተቃጠለ ሰው መለሰው።

«‹ስህተቱ የሁላችንም ነው እንላለን› አለኝ» አለች ተቀምጣ። «የሁላችን አልነበረም። የተርጓሚ ስህተት እንዳያልፍ ነው እኔ የተቀመጥኩት። በእኔ አለፈ። ፀጉሬ እስኪሸብት አንድ ስህተት አላለፈኝም ሲባል ኖሬ፣ ወንፊቷ ተቀደደች ልባል ነው። ዝም እንዲል ለመንኩት። ‹ሽማግሌው ቢሞቱስ ኖሮ?› አለኝ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መድኃኒቱም ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱ እጁን ሊታጠብ ወጣ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «በአንቺ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ልቡ ነው ይላሉ ብዬ ነበር። ስመለስ ቀድሜ እገባለሁ፣ ቪዲዮውን እዘጋለሁ ብዬ ነበር።»

«ሲይዟትስ?» አለ ሸሪኩ። «እሷን ሲይዟት ምን አልሽ?»

«ዝንብ አትገድልም አልኩ» አለች ወንፊቷ። ረዳቷ ክንዷን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ፣ ወደ ሊፍቱ ወሰዳት።

ፖሊሷ የልጅቷን ክንድ ለቀቀች። ልጅቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በመስታወቱ ወደ ስክሪኑ ታያለች፤ ቪዲዮው አሁንም ይሄዳል።

«ከምሳ በኋላ አኩርፎኝ አልነበረም ማለት ነው?» አለች።

«አልነበረም» አለች ቁንጫ።

«ሦስቱን መስኮት የከፈተው እሱ አይደለም?»

«አይደለም። እሱ በሩን አልዘጋብሽም።»

ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ትናንት በፍርሃት ያለቀሰችው ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው። ቁንጫ ልታነሳት ጎንበስ ስትል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ገፋት። እናትየው ነበረች። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና ከልጇ አጠገብ፣ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ተቀመጠች። ከዚያ የልጅቷን ፀጉር ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገችው።

«ከትናንት ወዲህ እህል ቀምሰሻል?» አለቻት።